የፈሀድ አይጦችና የአባባ ዘይት

ይድረስ ለወንድሜ ለፈሀድ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ናፍቆትህ ቢጸናብንም ሞያሌ ሁላችንም አልሐምዱሊላህ አለን።

ቡቲዬ ቀበሌ ዘንቦ ፍየሎቹ ወልደዋል። በላብራቶሪ አይጦችን የሱፍና የሰሊጥ ዘይት እየመገብክ የደማቸውን ስብ እንደምትለካ የጻፍከውን ለአባባ አነበብኩላቸው።

«እኛ የምንሸጠውን የሚረጋውን የፓልም ዘይትስ ሞክሮታል?» አሉኝ። አንደበታቸው ተሳስሮ ቃሉ ቶሎ ስላልገባኝ ደጋግመው ነገሩኝ።

ሱቁን አሁን የምከፍተው እኔ ነኝ። እማዬ ወጡን በሰሊጥ ዘይት ብቻ ትሠራለች፤ አባባንም እሷው ታጎርሳቸዋለች። ፈሀድ፣ ደማቸው ውስጥ ስብ የበዛባቸው አይጦች ዘይቱ ሲቀየርላቸው ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ? መልሱን ለእኔ ብቻ ጻፍልኝ።

ዒድን ሳትጠብቅ ቀደም ብለህ ብትመጣ ደስ ይለናል። ስትደውል አባባ ዝም ቢሉህ አትቀየማቸው፤ ድምፅህን ሲሰሙ እንባቸው ይቀድማቸዋል።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ።

እህትህ ኑርሀን