ሁለተኛው ከል

አባዬ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ እንዳልጀምር አንተ ከዚህ ጥያቄ አርፈሃል። ዘልዬው እንዳላልፍ ደግሞ፣ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ሲነበብልህ «ይኼ ክስ ነው ወይስ ደብዳቤ?» እያልክ ትቆጣ እንደነበር አልረሳሁም። ስለዚህ ሰላም ልበልህ። ከተለየኸን ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ይህ የእማዬና የወንድሜ የጋሼ ተሾመ አቆጣጠር ነው። እኔ ሞትህን ከሰማሁ ግን ገና ትናንት ዓመት ሆነኝ። አንድ ሰው ሞቶብን በየፊናችን ስናለቅስ ከረምን። ትናንት ግን ነገሩ ተቃናልኝና ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ቤታችን እንዳለ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድም እንዳለ ነው፤ እሱን የሚሽር መንግሥት አልመጣም። የጋሼ ሚስት ሴት ልጅ ወልዳለች። አላየሃትም፤ ስትቆጣ ግንባሯን የምትቋጥረው ልክ እንዳንተ ነው። ዕድሜህን የፈጀህበት የብርድ ልብስ ፋብሪካ ይሠራል። ለሙሽራ ይገዛ የነበረው አበባ ያለበት ቀይ ብርድ ልብስ ግን ከየሱቁ ጠፍቷል፤ አሁን የሚወጣው ግራጫው ነው፣ እሱም በካሚዮን እየተጫነ ወደ ጦር ግንባር ይሄዳል። ካሚዮኖቹ በበራችን ባለፉ ቁጥር እማዬ «የማን ልጅ ይለብሰው ይሆን» ትላለች።

የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ያገኘሁ ጊዜ ትዝ ይልሃል? የማጠናው የሰላም ጥናት ነው ስልህ «ሰላም ደግሞ ትምህርት አለው?» አልከኝ። ጦርነት ለምን እንደሚነሣ፣ የተጣሉ ሰዎችና የተጣሉ አገሮች እንዴት እንደሚታረቁ ይጠናል ብዬ ላስረዳህ ደከምኩ። አንተ ሰምተህ ሰምተህ «ታዲያ እኛ ሰፈር አንድ ክፍል ቢከፍቱ ምን ነበረበት?» አልክና፣ የቀበሌ ሰው ሰምቶህ እንደሆነ በመስኮት አየት አደረግህ። የሄድኩ ዕለት ከፋብሪካው የገዛኸውን ከባድ ብርድ ልብስ አሸከምከኝ። ሻንጣዬን ሞልቶ ግማሹን ልብሴን አስቀረብኝ። «ከደብረ ብርሃን የሚብስ ብርድ ካለ አይተሽ ትነግሪኛለሽ» አልከኝ። መልሱን በደብዳቤ አልላክሁልህም። ፊትህን እያየሁ ልነግርህ አስቤ ነበር።

ትምህርቱ ከበደኝም፣ ጣመኝም። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ፣ ቆይታዬን ካራዘምኩ ዓለም አቀፍ ግንኙነትንም አጣምሬ በሁለት ማስተርስ ዲግሪ መመለስ እንደምችል ነገሩኝ። ያላንተ ፈቃድ እሺ ማለት አልሆነልኝም፤ ጻፍኩልህ። ዓይንህ ስለደከመ ደብዳቤህን ሁልጊዜ የሚጽፍልህ ጋሼ ተሾመ ነበር፤ ቃሉ ግን ያንተ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አንቺ ግን መች ሰው ትሰሚያለሽ! በይ ውጪ፤ ቅርንጫፉን ግን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ» ብለህ አስጻፍክልኝ። ሳነበው ብቻዬን ሳቅሁ። ለካ ያኔ ታመህ ተኝተህ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ መጨረሻቸው «አባባ ሰላም ይልሻል» የሚል ነበር፤ እኔም አጻጻፉ ያው የጋሼ ስለሆነ ምንም አልጠረጠርኩም። አንተ ግን በተወለድክበት በአንኮበር አፈር ለብሰሃል።

የተመለስኩ ዕለት እማዬና ጋሼ አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጡ። ላንተ የገዛሁትን ካፖርት ሻንጣ ውስጥ እንዳይጨማደድብኝ በክንዴ ይዤው ነበር። እማዬ ነጭ በነጭ ለብሳለች። አቅፋኝ ስታለቅስ የናፍቆት መሰለኝ። «አባዬስ?» አልኩ። «አንኮበር ነው» አለኝ ጋሼ። ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ይሆናል ብዬ አልመረመርኩም፤ የጨነቀኝ ካፖርቱ ይበቃህ እንደሆነ ነበር። ጋሼ «ይበቃዋል» ብሎ ተቀበለኝና እስከ ደብረ ብርሃን ጭኑ ላይ እንዳደረገው ሄደ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ ቤቱ ነጠላቸውን ባዘቀዘቁ ሰዎች ተሞላ። ሽማግሌዎቹ ሳይናገሩ ገባኝ። መርዶ እንዴት እንደሚመጣ የማያውቅ ያገሬ ሰው የለም። «አባትሽ ራሱ ነው ያዘዘን፤ ትምህርቷን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት ብሎ አስምሎናል» አሉኝ።

ድንኳን እንደ አዲስ ተተከለ። የአልዩ አምባው ወዳጅህ ሙሐመድ ኑር ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ መጣ። እጄን ይዞ «ኢናሊላሂ፤ ሁለቴ ቀበርነው እኮ ልጄ፣ አንዴ ለራሱ፣ አንዴ ላንቺ» አለኝ። ሰው ሁሉ መጣ፣ ሰው ሁሉ አለቀሰልኝ። ግን የሌላው ሰው ሐዘን በርዶለታል። እነሱ ቀብረውሃል፣ ተዝካርህን አውጥተዋል፣ ዓመትህን አስበዋል፤ አሁን የሚያለቅሱት ስለእኔ እንጂ ስላንተ አልነበረም። በሰው ተከብቤ ብቻዬን አለቀስኩህ።

ተናደድኩብህም አባዬ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደብዳቤዬ ውሸት ይሆናል። የተቀበርክበትን ሳምንት ወደኋላ ቆጥሬ አገኘሁት። የዓለም አቀፍ ግንኙነት ፈተና ጨርሼ፣ ደስ ብሎኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር አይስክሬም የበላሁበት ሳምንት ነበር። ሌላውን ሁሉ ብረሳ ያን አይስክሬም አልረሳውም። ደግሞ እርቅ ያለ እውነት አይጸናም የሚል ረጅም የጥናት ጽሑፍ ጽፌ መምህሬ አመስግኖኝ ነበር፤ ያን ስጽፍ ቤተሰቤ በሙሉ እውነቱን ደብቆኝ ተቀምጧል። ከጋሼ ጋር ተኳረፍን። ሥራ የተመደብኩት አዲስ አበባ ስለሆነ ቅዳሜ ስመጣ ከእማዬ ጋር ብቻ አውርቼ እመለስ ነበር። መቃብሩ ጋ እንሂድ ሲሉኝም እምቢ አልኩ። ስትቀበር ያልነበርኩ ልጅ ምን ብዬ እመጣለሁ? የሁለት ዲግሪ ባለቤት፣ እርቅ የተማርኩ ሰው፣ ከወንድሜ ጋር ኩርፊያ፣ ከሟች ጋር ጠብ ይዤ ከረምኩ። ብታየኝ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር።

ያላስተዋልኩት የእማዬን ልብስ ነው። መርዶውን የሰማሁ ዕለት ቤተ ዘመዱ ሁሉ ጥቁር ለብሶ ስለነበር ወግ ነው ብዬ አለፍኩት። ሌሎቹ ጥቂት ቆይተው አወለቁ፤ እማዬ ግን አላወለቀችም። አንድ ቅዳሜ ጓዳ ጋደም ብዬ ሳለ ጎረቤታችን «አንቺ ሴትዮ፣ ከልሽን ዓመት ሙሉ ለብሰሽ አውልቀሽ አልነበር? ወይስ ሁለተኛ ባል ሞተብሽ?» ስትላት ሰማሁ። እማዬ ሳቅ አለችና «የፊተኛውን የለበስኩት ለራሴ ነው። ልጄ ብቻዋን ጥቁር ለብሳ በዚህ ቤት አትዞርም» አለቻት። ከዚያ ስለ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ማውራት ጀመሩ። እኔ ያንተን ብርድ ልብስ አፌ ውስጥ ጎስሬ አለቀስኩ። ለካ ዓመቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ሐዘን የተቀመጠ ሰው ነበረኝ።

በማግስቱ ከጋሼ ጋር ለመነጋገር ቆረጥኩ። ከትምህርቴ የጠቀመኝ አንድ ነገር አለ፤ የተቀየምነውን ሰው «ለምን አደረግኸው» ከማለት «እንዴት አደረግኸው» ብሎ መጠየቅ ይሻላል ብለው አስተምረውናል። ለምን እያልኩ ስንት ጊዜ ጮኼበት ነበር! አሁን ግን «አባባ ሰላም ይልሻል» የምትለዋን እንዴት አድርጎ እንደጻፋት ጠየቅሁት። ወንበርህ ፊት ለፊቱ ስለሆነ ቤት ውስጥ መጻፍ አቅቶት ፖስታ ቤት እየሄደ፣ ሰው በተሰለፈበት መካከል ቆሞ ይጽፋት እንደነበር ነገረኝ። ሰው ፊት ማልቀስ ያፍራል፤ ታውቀዋለህ። መጨረሻ ላይ የሚያደርጋትም እሷን ከጻፈ በኋላ ሌላ ቃል መጻፍ ስለማይችል ነው። ያንተን መሐላ ተሸክሞ እሱም ብቻውን ከርሟል። አቀፍኩት፤ ሁለታችንም ሰው ሳናፍር አለቀስን።

ትናንት ሦስታችንም አንኮበር መጣን። መንገዱን ጭጋግ ሸፍኖት አውቶቡሱ እየተንፏቀቀ ነው የደረሰው። ጋሼ ካፖርቱን ለብሶ ነበር፤ እምቢ ሲል በግድ ያለበስኩት እኔ ነኝ። አንተ በቁመት ስለምትበልጠው እጅጌው ይረዝምበታል። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ እማዬና እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞረን ከላችንን አወለቅንና ነጭ ለበስን። እሷ የእኔን አጠፈች፣ እኔ የእሷን። የእሷ ለሁለት ሐዘን ስለተለበሰ ጥቁረቱ ለቆ ቡናማ ሆኗል።

ከዚያ መቃብርህ አጠገብ ቆሜ፣ ቁልቁል የአልዩ አምባን ቆላ እያየሁ፣ የቆየውን መልስ ነገርኩህ። ካልሰማህ ልድገመው፦ እዚያ አገር ውጭው ከደብረ ብርሃን ይብሳል፤ የቤቱ ውስጥ ግን ይሞቃል። ብርድ ልብስህ አላስፈለገኝም ነበር። ቢሆንም አንድም ቀን ሳልለብሰው አልተኛሁም።

ትክክል ነበርክ አልልህም። ልጄ ከመንገድ እንዳትቀር ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ለቅሶው የእኔም ነበር፣ ልትነፍገኝ አይገባም ነበር። ይህንንም ያንንም አውቄ ከልቤ ይቅር ብዬሃለሁ። ጋሼን ግን እዚያው አስማልኩት፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ክፉ ነገር ቢመጣ የትም ብሆን፣ ምንም ብማር፣ በዕለቱ እንዲነግረኝ። በአጥንትህ ማለልኝ። እማዬ ሰምታን «አጠገባችሁ ቆሜ ስለ እኔ ሞት ትማማላላችሁ?» ብላ ሳቀች። እኛም ሳቅን። መቃብር ላይ መሳቅ ነውር ቢሆንም አንተ እንደማትቀየመን አውቀን ነው።

ልንመለስ ስንል ቄሱ ከእንግዲህ በየዓመቱ የምናስብህ በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠየቁን። እማዬ «በልጄ ቀን ይሁን» አለች። እኔ ደግሞ በእሷ ቀን ይሁን አልኩ። እሷ አይሆንም፣ እኔ አይሆንም፤ ቄሱ ግራ ገብቷቸው አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያዩ ጀመር። በመጨረሻ በሁለቱም ሆነ። ሁለት ዛፍ አይወጣም ትል ነበር፤ እኔ ግን አንተ ካረፍክበት ቀንና እኔ ካወቅሁበት ቀን አንዱንም አልለቅም። በሕይወት እስካለሁ በሁለቱም እመጣልሃለሁ።

በቀረው ጊዜ ደግሞ ሰው «አባትሽስ?» ሲለኝ እንደ ጋሼ «አንኮበር ነው» እላለሁ። አሁን እኔም አውቄዋለሁ።

ልጅህ አስካለ