ሻኛ የሌለው ሳጥን

ለተከበሩ አባቴ ለማላም ላዋን፤ ኩራ።

ሰላምታዬ ከዚህ ከሌጎስ ተነስቶ፣ ቲማቲሙ በመጣበት መንገድ ተመልሶ እደጃፍዎ ይድረስልኝ። እንደምን ከረሙ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ለሶላት ሲነሱ ዛሬም ያስቸግርዎታል? የእናቴ ሳልስ አቧራው ጋብ ሲል ተሻላት? ቦዩ ውሃ አለው ወይስ እንደ አምናው በደለል ተደፍኗል? ያቺ ቀንደ ሰባራ ላም ወለደች ወይስ ዘንድሮም ስታስጠብቃችሁ ከረመች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እንዲያውም ይኸው ሦስት ቀኔ፣ ፊቴን ያየ ሁሉ "አገባህ እንዴ?" እያለ ይጠይቀኛል።

ነገሩን በስልክ ልነግርዎ እችል ነበር። ግን እርስዎ ስልክ ሲይዙ "ደህና፣ ደህና፣ እናትህ ትፈልግሃለች" ብለው ወዲያው ያቀብሏታል። ስለዚህ ጻፍኩት። እህቴ ታላቱ ጮክ ብላ ታንብብልዎት። ቢቻል ደጅ ላይ፣ ማንጎው ሥር፣ ጎረቤታችን ጋምቦ በተቀመጠበት። "የላዋን ልጅ ሌጎስ ገብቶ ሲመለስ ፕላስቲክ ሻጭ ሆነ" እያለ መንደሩን ያሳቀው እሱ ነውና ከማንም በፊት እሱ ይስማ።

መጀመሪያ ግን አንድ የደበቅኩዎትን ነገር ልናዘዝ። እዚህ ገበያ ምን እንደምሠራ ስትጠይቁኝ አሥር ዓመት ሙሉ "ቲማቲም አራግፋለሁ" ስል ኖርኩ። ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሹን ነው። ቅርጫቱ ከመኪና ወርዶ ሲከፈት ላይኛው እርስዎ እንደደረደሩት አምሮ ይገኛል። ከሥር ያለው ግን ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ፣ ሁለት ቀን ተኩል በዚያ መንገድ ሲናጥ ከርሞ፣ ፈርጦ ይፈሳል። እሱን በአካፋ እየዛቅኩ የምደፋው እኔ ነበርኩ። የሰውን ብቻ አይደለም፣ የእኛንም። እናቴ ጎንበስ ብላ ስትለቅመው ያየሁትን ቲማቲም እዚህ በአካፋ ስዝቀው፣ እናንተ ፊት ይህን ማውራት አፍር ነበር።

ለዚህ ነው እነዚያ የግብርና ሰዎች ሦስት መቶ የፕላስቲክ ሳጥን ለሦስት ጉዞ እናውሳችሁ፣ በሦስተኛው ገበያው ካልተቀበለው ግን ወደ ሌላ ወረዳ እንወስደዋለን ሲሉ፣ ከእርስዎ ጋር እስክንቀያየም የተሟገትኩት። በዒዱ ማግሥት የተናገርኩትን ክፉ ቃል አልረሳሁትም። "የቅርጫት ጊዜ አልፏል፣ የእርስዎም እጅ አብሮ አልፏል" አልኩዎት። እርስዎ ለቅርጫት የሚሆነውን ዘንባባዎን መጎንጎንዎን ቀጠሉ። ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ጉዞ ያስታውሱታል። ሳጥኖቹን ሞልተው ሲያበቁ፣ እንደለመዱት በእያንዳንዱ ላይ ያን ስመ ጥር ሻኛዎን ቆለሉበት። አልፈርድብዎትም። ከኩራ ሻኛ ሳይኖረው የወጣ ቅርጫት የለም፤ ቁልል የሌለው ጭነት መላክ ለእንግዳ ሳህኑን አጉድሎ እንደማቅረብ ነው። ሳጥን ግን በሳጥን ላይ ይጫናል። መኪናው ሲከፈት የላይኛው ሁሉ በታችኛው ሻኛ ላይ ተቀምጦ፣ ጨፍልቆት፣ ቀዩ ጭማቂ እስከ ጎማው ወርዷል። ኢያ ሲኪራን ስሟን ያውቃሉ፤ የምሥራቁን ረድፍ ቲማቲም ሁሉ የምታከፋፍለዋ ሴት ናት። ወገቧን ይዛ ጭነቱን አየችና "ኑ እዩልኝ፣ ታኒሙ ወጡን መንገድ ላይ ሠርቶት መጣ። ሩዙን የት ጣልከው ልጄ?" አለች። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። "በል ይሄን ባልዲህን ለሚታጠብበት ስጥና የሽማግሌውን ቅርጫት አምጣልኝ" ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

በሁለተኛው "ሻኛውን ይተዉት፣ እንዲያውም ከአፉ ሁለት ጣት ያጉድሉት" ብዬ ደወልኩ። "ስሜን ላጭቼ ልላክ?" አሉኝ፤ ግን እንዳልኩዎት አደረጉ። ያ ጭነት ሲከፈት አባባ፣ አልቅሻለሁ። ታችኛውም ላይኛውም አንድ ነበር፤ ዛሬ የተለቀመ ይመስል ነበር። ኢያ ሲኪራ መጥታ አንድም የፈረጠ አጣች። ብታጣም ፊቷ አልተፈታም። "ይሄን ደግሞ ማን ላጨው? ከላይ የሚቆለለው ምርቃቴስ? ሽማግሌው ምን አድርጌው ነው የተቀየመኝ?" አለችኝ። ሌሎቹም እሷን አይተው አለፉ። ደህና ቲማቲም ይዤ እንደ በሽተኛ ተገልዬ ዋልኩ፤ በመጨረሻ አንድ ምግብ ቤት በወረደ ዋጋ ወሰደው። ይህን ስነግርዎ "ሴትየዋ ልክ ናት" ብለው ስልኩን ዘጉት። አበቃልን አልኩ። ሳጥኖቹ ሊሄዱ ነው፣ እኔም ከአካፋዬ ጋር ልቀር ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስተኛው ጭነት ገባ። ሸራው ሲገፈፍ ሳጥኖቹ እንደገና ከአፋቸው ጎደል ብለው ተደርድረዋል። ከሁሉም በላይ፣ ምንም በማይጫንበት ቦታ፣ የሰው ራስ የሚያካክሉ ሠላሳ ትናንሽ ቅርጫቶች ተቀምጠዋል። ለአሥር ሳጥን አንድ። ጠርዛቸው በዚያ በሚያውቁት ቀይ ክር የተሰፋ፣ እጀታ ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው ላይ የእርስዎ ሻኛ። ሹፌሩን ዙበይሩን ምንድነው ይሄ ብዬ ስጠይቀው "ሽማግሌው 'ሻኛው ከበሬው ወርዶ ለብቻው ይሂድ' ብለው ነው የጫኑት" አለኝ። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፤ መኪናው ላይ ቆሜ ሁለቱም አንድ ላይ ሆነብኝ።

ኢያ ሲኪራ አንዱን ቅርጫት አንስታ ገለበጠችው፣ ሥሩን አየች፣ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች። ቲማቲሙን ምንጣፍ ላይ ዘረገፈችው፤ አንድም የተሰነጠቀ የለም። ከዚያ እጇን እስከ ክርኗ ሳጥን ውስጥ ከታ ከሥሩ አወጣች። እሱም ደህና። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። ኋላ "አልተቀየመኝም" አለች ቀስ ብላ፤ ወዲያው ደግሞ ዞር ብላ ረድፉን ጠራችው። "እናንተ! ኩራ ምርቃቷን ይዛ መጥታለች፣ ቆማችሁ ምን ትሠራላችሁ?"

ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሦስት መቶው ሳጥን ባዶ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የጣልኩት ቆቤን አይሞላም። ቀዳዳ ያለው ካርቶን ይዘው የመጡት የማንጎ ነጋዴዎች እንኳ ካርቶናቸውን ትተው የእኛን ድርድር ሊያዩ መጡ። ትንንሾቹ ቅርጫቶች ደግሞ ጉድ አፈሉ። ለቤታቸው የሚገዙ ሴቶች "ከነቅርጫቱ ካልሆነ አንወስድም" ብለው ተናጠቋቸው፤ ኢያ ሲኪራ ለሚቀጥለው ጭነት መቶ ትፈልጋለች፣ የበርበሬው ሻጭም ለእሱ የሚሆን ጠበብ ያለ ይሠሩ እንደሆነ አስጠይቋል። የግብርናው ሰውዬ ደብተሩን ይዞ መጥቶ ሁሉንም ጻፈና "የማን ሐሳብ ነው?" አለኝ። "የኩራው ማላም ላዋን" አልኩት፤ ሲጽፈውም አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ሳጥኖቹ ኩራ ይቀራሉ። ለመጪው መኸር ሌላ ያን ያህል ይጨመራል።

አባባ፣ እጅዎ አልፏል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ሳጥን አመጣሁ እንጂ ገበያውን የከፈቱት እርስዎ ነዎት። ታላቱ ይህን ሁለት ጊዜ ታንብበው።

እናቴን እግሯን ሳሙልኝ፤ የለቀመችው ቲማቲም በዚህ ጊዜ ሰው ቤት ገብቷል በሏት። ለታላቱ ለንባቧ ምስጋናዬ ይድረሳት፤ ዘንባባ መጎንጎኑን ትማር፣ መቶ ቅርጫት ለአንድ ሰው ይበዛል። ላሚቱን ስለ እኔ ዳብሱልኝ፣ ትውለድ። ለጋምቦም ሰላም በሉልኝ፣ ከልቤ ነው፤ አሁን የላዋን ልጅ ምን ሻጭ ሆነ እንደሚል ልስማ።

ዙበይሩ ባዶ ሳጥኖቹን ይዞ ሲመለስ፣ በመካከላቸው አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ያገኛሉ። አካፋዬ ነው። እዚህ ሥራ ፈቷል፤ ለቦዩ ይሁንዎት።

ልጅዎ ታኒሙ ላዋን
ሌጎስ፣ ማርች 7 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.