ስምህን ያልጻፍኩበት እርማት

ውድ ዘአማኑኤል፣

ባለፈው መስከረም ከሥራ የወጣኸው በእኔ ጥፋት ነው። ፊትህ ቆሜ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ያን ሥራ ስንጀምር ቢሯችን ገና ካዛንቺስ ነበር። ክሊኒኩ ሰርቨሩ ቢሰረቅ እንኳ የበሽተኞቹን ፋይል ማንም እንዳያነበው ተመስጥሮ እንዲቀመጥለት ፈለገ። የሚመሰጥረው ለብቻው የተገዛ ቺፕ ነው፤ የእኛ ድርሻ ቺፑን ከከርነሉ፣ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ጋር የሚያገናኘውን ኮድ መጻፍ ነበር። አንተ ለአለቃችን ለአቶ ፈየራ ስታስረዳቸው ትዝ ይለኛል። "ከርነሉ ሥራውን ለቺፑ ይሰጥና ወደ ሌላ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ቺፑ ሲጨርስ ይጠራዋል። በቃ።" እሳቸውም "ታዲያ ይሄ ምን ይከብዳል?" ሲሉን ሳቅን።

በሁለተኛው ወር ፋይሎች መበላሸት ጀመሩ። ሁልጊዜ አይደለም፤ ሰርቨሩ ሥራ ሲበዛበት ብቻ። የአንዲት እናት የራጅ ምስል አልከፈት ብሎ ቀዶ ጥገናዋ ሁለት ሳምንት ተራዘመ። ክሊኒኩ ድረስ ሄደህ ይቅርታ የጠየቅከው አንተ ነህ። ስትመለስ ወንበርህን ወደ እኔ ሳብክ።

"መርሂ፣ ማለቴ፣ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን ቺፑ ሳይጨርስ ሜሞሪውን የሚለቅ ቦታ ያለ ይመስለኛል። አንቺ የጻፍሽውን ክፍል አብረን እንየው?"

"የኔን አይቼዋለሁ፤ ምንም የለበትም" አልኩህ።

አላየሁትም ነበር።

በሳምንቱ አቶ ፈየራ ለብቻዬ ጠርተው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። "የእሱ ክፍል ይመስለኛል" አልኳቸው። ይመስለኛል ነው ያልኩት፤ እሳቸው ግን እንደ እርግጥ ያዙት። በማግስቱ ዕቃህን በካርቶን ይዘህ ስትወጣ "አይዞሽ፣ አትጨነቂ" ያልከኝ አንተ ነህ። እኔ ስክሪኔን እያየሁ ነበር።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰንጋ ተራ ገባን። ታኅሣሥ ላይ ስህተቱን እዚያ አገኘሁት። አንድ መስመር ናት፤ እኔው የጻፍኳት። ቺፑ ሥራ ሲበዛበት "ወረፋ ይዤልሃለሁ፣ ቆይ" ይላል። የእኔ መስመር ይህን እንደ እምቢታ ቆጥራ ሜሞሪውን ትለቃለች፤ ከርነሉ ቦታውን ለሌላ ሥራ ይሰጠዋል፤ ቺፑ ደግሞ ተራው ሲደርስ እዚያው ላይ ይጽፍበታል። ልክ አንተ እንዳልከው። ደግሜ አነበብኳት። ምንም አልተሰማኝም። የምሳ ሰዓት ስለነበር ወርጄ ፓስታ በላሁ።

ኮዳችንን ቀደም ብለን ለሁሉም ክፍት በሆነው ከርነል ውስጥ አስገብተነው ስለነበር እርማቱንም ላክሁ። ከውጭ አንድ ገምጋሚ "ጥሩ ሥራ ነው። ችግሩን መጀመሪያ የጠረጠረ ሰው ካለ ስሙን ጨምሪ" ብሎ ጻፈልኝ። ማንም የለም አልኩት። በእኔ ስም ብቻ ገባ፤ አንዴ ከገባ ደግሞ አይቀየርም። ቢሮ ኬክ ተቆረሰልኝ። አቶ ፈየራ "የእሱን ጥፋት አጸዳሽልን" ብለው አጨበጨቡ። ኬኩንም በላሁ።

የካቲት ላይ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ ተገናኘን። መስቀል ፍላወር በእህትህ ሱቅ ቻርጀር እየሸጥክ እንደሆነ፣ ሁለት መሥሪያ ቤት ፈተናቸውን ካለፍክ በኋላ ወደ አቶ ፈየራ ደውለው እንደተዉህ ሳታማርር ነገርከኝ። ከዚያ፣

"ያ ነገር ግን ተገኘ?" አልከኝ።

"ተገኘ።"

"ማን አገኘው?"

"እኔ።"

"ጎበዝ!" ብለህ ትከሻዬን ነቀነቅከኝ። ከልብህ ነበር ደስ ያለህ። የት እንደነበረ እንኳ አልጠየቅከኝም። ታክሲው መጣ፤ ገባሁ።

ከዚያ በኋላም አላለቀስኩም። የተጸጸተ ሰው መስዬ ልታይህ አልፈልግም፤ ጸጸቱ የት እንደገባ እኔም አላውቅም። ማድረግ ያለብኝ ነገር ግን አይጠፋኝም።

ትናንት ጠዋት አቶ ፈየራ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"አሁን ምን ይጠቅማል? አልፏል እኮ" አሉ።

"ለእሱ አላለፈም። ለሚደውሉት ሰዎች እውነቱን ይንገሩ፤ በጽሑፍም ይስጡኝ።"

"አንቺስ?"

መልቀቂያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። መልቀቂያውንም የጠየቅኳቸውንም ደብዳቤ ፈረሙ።

ወረቀቱን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ማኅተም አለበት። ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ፣ ችግሩንም መጀመሪያ የጠቆምከው አንተ እንደሆንክ ይናገራል። ለገምጋሚውም ሁሉም ሰው በሚያነበው የከርነሉ ሠሪዎች የኢሜይል መድረክ ላይ ይህንኑ ጽፌለታለሁ። ለሚቀጥሩህ ሰዎች አሳያቸው።

ፖስታውን ለእህትህ ለሉሊ ሰጥቻታለሁ። አሁን ይህን ስታነብ እኔ ሱቁ ደጅ ላይ ነኝ። ልትሰድበኝም ቢሆን ውጣ። ካልወጣህ ስድስት ሰዓት ሲሆን እሄዳለሁ፤ ዳግመኛም አላስቸግርህም።

መርሃዊት