ስም ያልተጻፈባት ልጅ

ይድረስ ሊማ ለሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ለዋልቤርቶ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ያ ሳል ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ከባሕሩ ጉም ጋር ትታገላለህ? እኛ ደህና ነን። ሐሳብ የሆነብን ያንተ ነገር ነው፤ ለምን እንደሆነ ስነግርህ ተቀምጠህ አንብበው።

የቤታችን ግድግዳ አልቋል፤ የቀረው ሳር ክዳኑ ብቻ ነው። አበልጃችን ፖርፊሪዮም በደንባችን መሠረት የቤተሰቡን ሥዕል በሳንቃ ላይ አሠርቶ፣ በአበባ አስጊጦ፣ የበቆሎ ጠላውን አስከትሎ ባለፈው እሑድ አመጣልን። ክዳኑ ሲያልቅ በወሩ መጨረሻ ጣሪያው ሥር ይታሰራል።

የሰዓሊው የዶን ካሲያኖ እጅ መቼም ይባረክ። ከታች ወደ ላይ ሲያዩት ሁላችንም አለን። ባለቤቴ ሂላሪዮ በሬ ጠምዷል፣ እማዬ እንዝርቷን ታሾራለች፣ እኔ ድንች እለቅማለሁ። አፌን ከፍቶ ነው የሳለኝ፤ ስጮህ መሆኑ ነው። ከኛ ከፍ ብሎ አንተ ጫማ ትሰፋለህ። አጠገብህ ግን አንዲት ሴት ተቀምጣ የትንሽ ልጅ ፀጉር ትጎነጉናለች። ከእያንዳንዳችን ሥር ስማችን ተጽፏል፤ ከሁለቱ ሥር ግን ባዶ ነው።

እንግዳው ሁሉ አየና ወደ ጠላው ዞረ። እኔም ጠላ እየቀዳሁ የሰው ፊት ስመረምር ዋልኩ።

ለሰዓሊው ይህን ነግሯል ብዬ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፖርፊሪዮን ነው፤ አይብ ይዞ ሊማ የሚመላለሰው እሱ ነውና። ስይዘው አላውቅም ብሎ በልጆቹ ማለልኝ። ቀጥሎ ሂላሪዮን ጠየቅሁት፤ ሳቀ። የሚስቅ ባል የሚደብቀው አያጣም ብዬ ሁለት ቀን ቀዝቃዛ ሾርባ አበላሁት። ምስኪን፣ አንዳች የሚያውቀው ነገር የለም። ከዚያ ያንተን ደብዳቤዎች አውጥቼ አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ነኝ ትላለህ፤ ከአንዱ ደብዳቤ ጀርባ ግን በእርሳስ የተሞነጫጨረ ዶሮ መሳይ ነገር አገኘሁ። ይሄ ያንተ እጅ አይደለም።

በመጨረሻ ዶን ካሲያኖ ዘንድ ሄድኩ። ቀና ብሎም ሳያየኝ፣ «እኔ የነገሩኝን ነው የምስለው፣ ሳቱርኒና። የነገረኝ ሰው ያለው እናንተው ቤት ነው» አለኝ።

ስመለስ እማዬ ሳንቃው አጠገብ ተቀምጣለች። ገና ሳልጠይቃት እኔ ነኝ አለችኝ። ዓምና ለዓይኗ ሕክምና አንተ ጋ በመጣች ጊዜ ሴትዮዋ ልጇን ይዛ በርህ ድረስ መጥታ፣ እማዬን ስታይ ደንግጣ እንደተመለሰች፣ አንተም ጎረቤቶቼ ናቸው እንዳልካት ነገረችኝ።

«የጎረቤት ልጅ የአባትሽን ጆሮ ከየት አመጣች?» አለች።

እስክትነግራት ዓመት ሙሉ ጠብቃሃለች። ያለ ሰርግ ወለደ ይሉኛል ብለህ ፈርተህ ይሆናል። እኔ የተናደድኩት ስለወለድክ አይደለም። ዘመድ አዝማዱን ሁሉ በከንቱ ስጠረጥር ሰነበትኩ፤ ለካ ዋናው ተጠራጣሪ አንተ ነህ፤ እናትህን ተጠራጥረሃል። እሱ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

አንደኛው ዓይኗ ጠፍቷል፤ ሁለተኛውም እየደከመ ነው። ሳንቃው አንዴ ጣሪያ ሥር ከታሰረ ደግሞ ከዚያ ርቀት አይታያትም። ስማቸው ሲጻፍ በቅርብ ልየው፣ ያለዚያ አይታሰርም ብላ ቆርጣለች። ፖርፊሪዮ ነገ ይህን ደብዳቤ ይዞልህ ይነሳል። የሁለቱን ስም ጽፈህ በእጁ ላክልን፤ ብትችልማ ራስህ ይዘሃቸው ና። ማብራሪያም ይቅርታም አልፈልግም ብላለች።

ሂላሪዮ ሰላም ብሎሃል። እማዬ ግንባርህን ስማሃለች። ለዚያች ሴት ከእህትሽ በልና ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለትንሿ ደግሞ፣ አያትሽ «ማን ልበል?» ብላ ትጠይቅሻለች በልልኝ።

እህትህ ሳቱርኒና
ሳርዋ፣ ኦገስት 10 ቀን 1994