ስለ ቁምሳጥን ሽበት

ለምወዳትና ጆሮዬን እየቆነጠጠች ላሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፦

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታጣጥፊ የሚይዝሽ ትከሻሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም በቅባት ነው የምታባብይው? እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ የክፍል ጓደኞችሽ፣ ያቺ የምታንኮራፋዋ ሳትቀር፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እዚህ ፈጣሪ ይመስገን ቤቱ ቆሟል፣ መጋዙ ይጮሃል፣ እማዬም ትቆጣለች። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ።

በቅድሚያ የወረቀቱን አናት ተመልከቺ። ያ ፊርማ የአባዬ ነው። ያስፈረምኩት ለምን መሰለሽ፣ አምና በስልክ «ውሻችን ሞተ፣ ቁምሳጥን ሞተ» ብዬ አስለቅሼሽ፣ ወዲያው ሳቄ አምልጦኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አኩርፈሽኝ ስለነበር ነው። ከእንግዲህ እኔን ማን ያምነኛል? አባዬ ግን ቀልድ የሚባል ነገር እንዳልፈጠረበት ታውቂያለሽ። ስለዚህ ገና ምንም ሳልጽፍበት ወረቀቱን አቀረብኩለት። «ምን ልትጽፍበት ነው?» አለኝ። «እውነት» አልኩት። «አንተ?» አለና ፈረመ።

እታለም፣ ቁምሳጥን ሞተ። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ሐሙስ ወደ እናንተ የሚሄድ ሰው ስላገኘሁ ነው በስልክ ያልነገርኩሽን በወረቀት የምልከው። የደበቅኩሽ ደግሞ ሞቱን ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ስትሄጂ አምስት ዓመቱ ነበር። አባዬ «ይሄ ውሻ ሳይሆን ቁምሳጥን ነው፤ ለሱ ብዬ በር ላሰፋ ነው» ብሎ ስም ካወጣለት ጀምሮ፣ እንደ አናጢ ቤት ልጅ በመጋዝ ብናኝ ላይ ተንከባሎ ያደገ ነው። የሄድሽ ዕለት ሻንጣሽን በር ላይ አቁመሽ፣ እኔን ሳትስሚ እሱን ስመሽ፣ «እስክመለስ እንዳታስረጁት» አልሽ። ሌላው ሰው ስንብት መሰለው። እኔ ትእዛዝ አድርጌ ያዝኩት። ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ጭንቅላት አንድ ነገር ሲገባው ደግሞ አይወጣም።

እኛ ቤት የሚያስረጀው ረሃብ ብቻ ይመስለናል። ስለዚህ አበላነው። እማዬ ጠዋት ዳቦ በወተት ትነክርለታለች። አባዬ የምሳውን እኩሌታ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ያቀብለዋል። ባለ ሉካንዳው ጎረቤታችን አጥንት ከነሥጋው ይወረውርለታል። እኔ ደግሞ ያገኘሁትን። ጉዱ ምን መሰለሽ፣ ሁላችንም የምናበላው በድብቅ ነበር፤ እያንዳንዳችን «ምስኪን፣ ከእኔ በቀር የሚያስታውሰው የለው» እያልን። እሱም አንድ ቀን አላጋለጠንም። አራታችንም ፊት የሦስት ቀን ረሃብተኛ መስሎ ይቀርባል። እኔን ተንኮለኛ ትሉኛላችሁ እንጂ!

አምና አፉ ዙሪያ ነጣ። የመጋዝ ብናኝ መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፤ አልለቅ አለ። ለካ ሽበት ነው። በዚያው ሳምንት አንቺ ፎቶ ላክልኝ አልሽ። ከሰል ወቀጥኩ፣ በቫዝሊን ለወስኩ፣ ጢሙንና ከዓይኑ በላይ ያለውን ጥቁር አድርጌ ቀባሁት። ሊኳል እንደ ተዘጋጀ ሰው ዝም ብሎ ተቀባልኝ። ፎቶውን አይተሽ «እንዴ፣ ጭራሽ ልጅ ሆነ! ምን እያበላችሁት ነው?» ብለሽ ሳቅሽ። ያንን ሳቅ ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ፎቶ በላክኩ ቁጥር መቀባት ሆነ። እማዬ «ከሰሌን ማን ነው የሚበላው?» እያለች ከረመች።

ዘንድሮ ግን በሦስቷ ደረጃ ፊት ሲደርስ ቆሞ ማሰብ ጀመረ። አባዬና እኔ በእንጨት ጋሪ ጭነን የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ወሰድነው። ሽማግሌ ናቸው፣ ጨዋታ ይወዳሉ። ገና ሲያዩት «ውሻ ነው ጥጃ ያመጣችሁልኝ?» አሉ። ሚዛኑን ካነበቡ በኋላ ግን ጨዋታው ቀረ። «ማን ነው የሚያበላው?» አሉ። አባዬ ጣሪያውን አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ትልቅ ውሻ እንደ ትንሹ አይደለም፣ ቶሎ ነው የሚያረጀው፤ ይሄ በስምንት ዓመቱ ሽማግሌ ነው አሉን። በፍቅር የጨመርንለት ሥጋ ሁሉ የተጫነው ዳሌውና ልቡ ላይ ነው። ጎኑን ስትዳብሱ የጎድን አጥንቱ በጣታችሁ ሊቆጠር ይገባል አሉ፤ የኛን ቁምሳጥን ስትዳብሺው ትራስ ነው። ምግቡ ይቀነስ፣ ጠዋትና ማታ አጠር ያለ መንገድ በዝግታ ይሂድ፣ አይዝለል፣ የሚያንሸራትት ወለል ላይ አይቁም፣ ጥፍሩ ይቆረጥ፣ መኝታው ይወፍር። «ቀደም ብላችሁ ብታመጡት» ብለው ጀመሩና ተዉት። «አሁንም ካከሳችሁት ደህና ጊዜ ይኖረዋል» አሉ።

በዚያው ሰሞን ነው ያንን መልእክት የጻፍሽልኝ። የዓመት ፈቃድሽ ደርሶ ሁለት ሳምንት ልትመጪልን ነበር። «ቁምሳጥን እንዲህ ካማረበት ምን ያስቸኩለኛል፤ ተራዬን እናቷ ለታመመችባት የሥራ ጓደኛዬ ሰጠኋት፤ በሚመጣው ዓመት እመጣለሁ» አልሽ። እታለም፣ ያማረበት ከሰሉ ነው። መልእክትሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያኔውኑ አርጅቷል ብዬ ብጽፍልሽ ኖሮ አይተሽው ነበር። አልጻፍኩም። በምትኩ፣ በእውነት ወጣት ላድርገውና ውሸቴ ውሸት መሆኑ ይቅር ብዬ ተነሳሁ።

ሞከርኩልሽ። በሲሚንቶው ላይ ከመኝታው እስከ ውሃው ድረስ አሮጌ ምንጣፍ ዘረጋሁ። አባዬ ለደረጃዋ መወጣጫ ሳንቃ ሠራለት፤ አንድ ደንበኛ ያዘዘውን በር ሁለት ቀን ጠብቋል። ምግቡን በጣሳ ለክቼ እሰጠው ጀመር። አንገቱ ላይ ቁራጭ ጣውላ አንጠልጥዬ «በልቻለሁ፤ አትመኑኝ» ብዬ ጻፍኩበት። ባለ ሉካንዳው አንብቦ ሆዱን ይዞ ሳቀና አጥንቱን መለሰ። እማዬ ግን «መነጽሬን አላደረግኩም፣ አላየሁትም» እያለች ዳቦውን ቀጠለች። እጇን ይዤ ጎኑ ላይ አስቀምጬ «ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው ደረጃ የሚወጣው» ስላት ነው የተወችው።

እውነትም ከሳ። በአራተኛው ወር የጎድን አጥንቱን በጣቴ ቆጠርኩ፤ እስከ አስራ ሁለት ቆጥሬ ስለላሰኝ ጠፋብኝ። ጠዋት ጠዋት እስከ ውሃ ታንከሩ ሄደን እንመለስ ነበር። አንድ ቀን ብስክሌት ላይ ጮኾ ሁለት እርምጃ ሮጠ። ባለ ብስክሌቱ ወርዶ ዘሬን ሲያንቋሽሽ፣ እኔ ሄጄ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ሳል ያዘው። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጠው «ዳሌው ተሽሎታል፤ ልቡ ነው የደከመው» አሉ። ኪኒን ሰጡን። እግሩ ሲከዳው ፎጣ በሆዱ ሥር አሳልፌ ወገቡን እያነሳሁ ደጅ አወጣው ነበር፤ ሰው ሲያየን እሱ እኔን የሚጎትት ይመስላል። ሥራዬን ጥዬ እሱ ጋ ስውል አባዬ አንድ ቀን አልተቆጣኝም። የፈራሁት ያኔ ነው።

አርብ ረፋድ ላይ፣ አባዬ በር እየላገ፣ ቁምሳጥን ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጎ ተኝቶ ነበር። በረጅሙ ተነፈሰ። የሚቀጥለውን ጠበቅኩ። አባዬ መላጊያውን አቆመና «አለቀ?» አለኝ። «ቆይ» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቀኝ። «ቆይ እንጂ» አልኩት። ጓሮ ነው የቀበርነው። ጉድጓዱ ጠቦን ሁለት ጊዜ አሰፋነው፤ እንደዚያ ከስቶም ቁምሳጥን ነው።

እሁድ ደወልሽ። «ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግልኝ» አልሽ። አባዬ ከኋላዬ «ንገራት» አለኝ በሹክሹክታ። ስልኩን ይዤ ጓሮ ወጣሁና እንደ ውሻ አለከለክኩልሽ። አንቺም «የኔ ጎረምሳ፣ ጠብቀኝ እሺ፤ አንድ ዓመት ምን አላት» አልሽው። ማንም አልነበረም እታለም። እኔ ነበርኩ። በሕይወቴ የሠራሁት ተንኮል ሁሉ ቢደመር የዚያችን ደቂቃ አያህልም። እማዬ ወጥታ አፈሩ ላይ ተቀምጬ አየችኝ፤ ሱሪህ ቆሸሸ እንኳ አላለችኝም።

ይቅር በይኝ ለማለት ፊት የለኝም። የምትሰድቢኝ ከሆነ በረጅሙ ጻፊልኝ፤ አንዲት መስመር ሳልዘል አነባለሁ።

እማዬ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች። ሁለት ጥርስ ከማስነቀሏ በቀር ጤነኛ ናት፤ ቁጣዋ ግን አሁን በፉጨት ነው የሚወጣው። ባለ ሉካንዳው ሰላም ብሎሻል፤ እጁ ለምዶበት አሁንም አጥንት ወደ ጎን ያስቀምጥና መልሶ ያነሳዋል። አባዬም ሰላም ይልሻል፤ «ደህና ነው በላት» ብሏል። ደህና አይደለም። የግራ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል፤ ቀኙም ጀምሮታል። ሜትሩን የማነበው እኔ ነኝ። ፎቶ ስትልኪ ወደ መስኮቱ ይዞት ይሄድና «ከስታለች?» ይለኛል፤ እኔም «ወፍራለች» እለዋለሁ። ለቀዶ ጥገና ሁለት ጊዜ ተቀጥሮ፣ «ልጄ ሳትመጣ አልተኛም» ብሎ ሁለቱንም አሳልፏል። እንዳልነግርሽ አስምሎኛል፤ ነገርኩሽ። ፈቃድሽን ለምነሽም አልቅሰሽም አሁን ጠይቂ። በቀኙ ዓይኑ ፊትሽን ለመለየት አሁንም ይችላል።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ጉዱ

ከአባዬ እንጨት መሥሪያ፣ ከመስኮቱ ሥር
ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ ወሩ በገባ በአስራ ዘጠኝ