የቅምሻ ሳህን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን
ከሆስፒታል በወጣሁ በአምስተኛው ቀን፣ ከሳሎኑ መስኮት አጠገብ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጡዬ፣

መጀመሪያ ቁጭ በይ። ከላይ «ሆስፒታል» የሚለውን አይተሽ ስልክሽን እንዳነሳሽ አውቃለሁ፤ መልሰሽ አስቀምጪው። ደህና ነኝ። ስልክ ላይማ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ተባብለን ከመዝጋት በቀር ዓመቱን ሙሉ ምን አወራን? ይህን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጪኝ እንድትሰሚኝ ስለፈለግሁ ነው ወረቀት ያነሳሁት። አንቺ ነፍሱን ይማረውና እንደ አባትሽ ነሽ፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መልስ ትሰጫለሽ።

ማህፀኔ ላይ እብጠት ነበረ። ነበረ ነው ያልኩሽ፤ አሁን የለም። ባለፈው ሳምንት በቀዶ ሕክምና ወጣ፣ ተመረመረ፣ ትናንት ውጤቱ መጣ። ምንም ክፉ ነገር የለበትም። ዶክተሯ ራሷ ደውላ «ንጹሕ ነው፣ እንኳን ደስ ያለዎት» ስትለኝ «እፎይ» አልኩ። ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስለው ኖሬ ትርጉሙ የገባኝ ገና ትናንት ነው።

ለምን አልነገርሽኝም እንደምትዪ አውቃለሁ። ታገሺኝ፣ እደርስበታለሁ።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው የተገኘብኝ። ዶክተሯ «መልኩ የሚያስፈራ አይደለም፤ ግን ወጥቶ ካልታየ እርግጠኛ መሆን አይቻልም» አለችኝ። «እሺ አውጪልኝ» አልኳት። «አሁን አልችልም» አለችና አንገቷን ደፋች። «እናቴ፣ ግፊትዎና ስኳርዎ እንዲህ ሆኖ፣ በዚህ ክብደት ማደንዘዣ ብሰጥዎት ልብዎ አይችለውም። ሰባት ወር እንጠብቅ። ከዘጠና ኪሎ በታች ሆነው ይምጡ።»

የቤታችን ሚዛን እኔን መሸከም እምቢ ካለ ቆይቷል። ስለዚህ የተመዘንኩት በማበስልበት ፋብሪካ ግምጃ ቤት፣ ጆንያ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ነው። አንድ መቶ አሥራ ሁለት። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ አንገቱን አዘንብሎ አነበበና «ሁለት ጆንያ ሩዝና አንድ ጀሪካን ዘይት» አለኝ። እኔም የዋዛ አይደለሁም፣ «ጀሪካኑ በየቀኑ ካንተ ምሳ የምቀንሰው ነው» ብዬው ወረድኩ። ኩሽናዬ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን እንባዬ መጣ።

ያስለቀሰኝ እሱ አይደለም፤ ያንቺ ቃል ነው። ባለፈው ዓመት መጥተሽ ልትሄጂ ስትይ፣ በመጨረሻው ምሳችን፣ ሁለተኛ ሳህን ስቀዳ አይተሽ «እማዬ፣ እየበላሽ ልትሞቺብኝ ነው» አልሽኝ። እኔስ ምን አልኩሽ? «አንቺ እንደሆነ ሄደሻል፤ ብሞት ባልሞት ምን ቸገረሽ?» ከዚያ ወዲያ ነው የስልክ ወሬያችን ያጠረው። ልክ ነበርሽ ልጄ። ይህችን ሁለት ቃል ለመጻፍ ሰባት ወርና ሃያ ሁለት ኪሎ ፈጀብኝ። የእብጠቱን ነገር ብነግርሽ «አላልኩሽም?» ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬም ፈራሁ። እውነቱን ካወራን ደግሞ፣ ባትመጪስ ብዬ ፈራሁ።

እና ምን አደረግሁ? እንደ ጅል፣ «ለጌታ ሰጥቼዋለሁ» ብዬ ውሃ ብቻ እየጠጣሁ ሦስት ቀን ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት ስከትፍ ራሴን ስቼ እዚያው ልጣጩ ላይ ተዘረጋሁ። ስነቃ ምን የበላሁ ይመስልሻል? ግማሽ ትሪ ዳቦ፣ በቅቤ።

ልብስ ሰፊዋን ታስታውሻለሽ፤ የሐሙስ ጸሎት ቡድናችንን የሚመሩትን፣ እኔና አንቺ ተደብቀን «እትዬ መርፌ» የምንላቸውን። ስለቀጠኑ ብቻ ሳይሆን ስለሚወጉም ነበር ስሙን ያወጣንላቸው። መውደቄን ሰምተው መጡ። እንዴት ነሽ እንኳ ሳይሉኝ «ጾም የእግዚአብሔር ነው፤ አንቺ የጾምሽው ለግምጃ ቤት ሚዛን ነው» አሉኝ። ከዚያ ግን ግንባሬን ዳሰሱና «ሐሙስ ነይ፣ እንጸልይልሻለን» አሉ።

ሄድኩ። ሰባት ሴቶች እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጭነው ጌታ ሆይ ክብደቷን ቀንስላት፣ ከምግብ እስራት ፍታት እያሉ እያለቀሱ ለመኑልኝ። እኔም አነባሁ። «አሜን» አልን። ከዚያ እንደ ልማዴ ያመጣሁትን የቸኮሌት ኬክ ገለጥኩት! ሁላችንም ቁራጭ ቁራጭ አነሳን። ሁለተኛዬን ላነሳ እጄን ስሰድ እትዬ መርፌ መነጽራቸውን አውልቀው «ቆይ ቆይ፣ አሁን ጌታን የለመንነው ምን ነበር?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ አንዷን ኬኩ ትን አላት። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ከጸሎት በኋላ የሚቀርበው ብርቱካን ነው። ብርቱካኑን ልጠን በልተን፣ እያወራን እስከ ድልድዩ በእግራችን ደርሰን እንመለሳለን። መጀመሪያ ላይ ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ እል ነበር፤ አሁን የምቀድማቸው እኔ ነኝ።

እትዬ መርፌ ግን በዚህ አልለቀቁኝም። «ምሳ ምን ትበያለሽ?» አሉኝ። «ምሳ አልበላም» አልኩ። ውሸት መስሎሽ እንዳይሆን፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ለሦስት መቶ ሠራተኛ ምሳ የምታበስል ሴት መቼ ተቀምጣ ትበላለች? «ታዲያ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» «አጥንቴ ወፍራም ነው» አልኳቸው። የአብዬን ወደ እምዬ! «እኔ ጨርቅ በግምት ቆርጬ አላውቅም» አሉ። «ነገ አንድ ሳህን አጠገብሽ አስቀምጪ። ለቅምሻ ወደ አፍሽ የምትወስጂውን ሁሉ፣ ልክ ያንኑ ያህል ሳህኑ ላይም ጨምሪ።»

በማግስቱ አደረግሁት። የሾርባው ጨው፣ አንድ ጭልፋ። የቲማቲሙ ስጎ፣ አንድ ጭልፋ፣ ስኳር ካከልኩበት በኋላ ሌላ ጭልፋ። ሩዙ መብሰሉን ለማየት አንድ ትልቅ ማንኪያ። አንድ ጥብስ ድንች፣ ከዚያ የመጀመሪያው ድንች እውነቱን መሆኑን ለማረጋገጥ ሌላ ድንች። የዳቦው ጫፍ፣ ምክንያቱም ጫፉን ማንም አይወስደውም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሳህኑ ሞልቶ ሁለተኛ ሳህን ጀምሬ ነበር። ረዳቴ ምሳ ልታነሳ መጥታ አየችውና «ይሄ የማን ነው? ሁለት ሰው ቀርቷል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ፣ ምሳ አልበላም ብዬ በስንቱ ፊት የምምለው ሴትዮ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በቀን ሁለት ምሳ ስበላ ኖሬያለሁ። ቆሜ ስለበላሁት አልቆጠርኩትም። እግዚአብሔር ግን የቆመውንም ይቆጥራል፤ ልቤም ቆጥሮታል፣ ጉልበቴም ቆጥሮታል።

አሁን የምቀምሰው በሻይ ማንኪያ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሽርጤን አውልቄ እንደ ሰው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ጎመን፣ ምስር፣ ትንሽ ሩዝ። ለሠራተኛውም ዘይቱን በግማሽ ቀነስኩት። አንድ ሳምንት አጉረመረሙ። ያ የግምጃ ቤት ሰውዬ ሳይቀር «ምን አድርገንሽ ነው?» አለኝ። አሁን ከምሳ በኋላ እንቅልፍ አይጥለንም ይላሉ፤ አለቃቸው ይህን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኗል።

ከባዱ እራት ነበር፣ ሚጡ። ይህንን ነው ለመጻፍ እጄ እምቢ ያለኝ።

አንድ ቀን እትዬ መርፌ ሳይነግሩኝ በእራት ሰዓት መጡ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ተቀድቶ ነበር። «እንግዳ አለሽ እንዴ?» አሉኝ። አንቺ ከሄድሽ አምስት ዓመትሽ፣ እኔ ግን እጄ ለሁለት ሰው መቅዳቱን አልተወም። በመጀመሪያዎቹ ወራት በመርሳት ነበር። ኋላ እያወቅሁ ሆነ። የኔን ከፊቴ፣ ያንቺን ከፊት ለፊቴ አስቀምጬ እጸልያለሁ። የኔን ስጨርስ ያንቺን አየዋለሁ። ምግብ መድፋት ኃጢአት ነው ብዬ ሳህንሽን ወደኔ እስበዋለሁ። በየምሽቱ «የዕለቱን ስጠን» እያልኩ እለምነዋለሁ፤ እሱ የአንድ ሰው ሲሰጠኝ እኔ የሁለት ሰው በላሁ።

ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ይወጉኛል ብዬ ስጠብቅ እትዬ መርፌ አልወጉኝም። ወንበርሽን ሳቡና ሳህንሽ ፊት ተቀመጡ፤ «እኔ ልብላው» አሉ። አብረን መብላት ጀመርን። ግማሹ ላይ ስንደርስ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ከመብላትሽ በፊት ትጸልያለሽ፤ ጥሩ ነው» አሉኝ። «አሁን ደግሞ መሃል ላይ ጸልዪ። የራበኝ ሆዴ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው ብለሽ ጠይቂው። ሆድሽ ከሆነ ብዪ፣ ማንም አይከለክልሽም።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሆዴ ጠግቦ ነበር፣ ልጄ። ታዲያ ምኔ ነው የራበኝ ብዬ ጠየቅሁ፤ መልሱንም አውቀው ነበር። ስምሽን ጠራሁለት። ከምግብ በፊት ስለ ምግቡ አመሰግነው ነበር እንጂ፣ ልጄ ናፈቀችኝ፣ ይህ ቤት ለብቻዬ ሰፋብኝ ብዬ አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም ነበር። ለካ ለሱ የማልነግረውን ነበር ስበላው የኖርኩት። እትዬ መርፌ እስክጨርስ እጄን ይዘው ተቀመጡ፤ ከዚያ ተነስተው ሳህኖቹን አጠቡልኝ።

ከዚያ በኋላም ቀጥ ብዬ ሄድኩ ብዬ አልዋሽሽም። በነሐሴ፣ ልደትሽ ዕለት፣ ስልኩ ሳይነሳ ሲቀር አንድ ሙሉ ኬክ ለብቻዬ ጨርሻለሁ። ለእትዬ መርፌ ስናዘዝ «ጣፈጠ?» ብቻ ብለው ወደ ድልድዩ ይዘውኝ ሄዱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እኔም ሄድኩ። መጀመሪያ ጀሪካኑ ወረደ፣ ከዚያ ከጆንያው ይፈስ ጀመር።

የቀጠሮዬ ዕለት ሆስፒታሉ ሚዛን ላይ ስወጣ ዘጠና ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም! ደረቅሁ። ዶክተሯ ኪሴን አየች። «ምንድን ነው እሱ?» የኩሽናው፣ የማቀዝቀዣው፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በሙሉ ነበር፤ በሌላው ኪሴ ደግሞ ትንሿ መጽሐፍ ቅዱሴ። ቁልፎቹን ተቀበለችኝ። መጽሐፉን ለመስጠት ሳመነታ «እሱንም ያስቀምጡት፣ እዚህ ድረስ ያመጣዎት እሱ ነው፣ አይቀየምም» አለች። ሰማንያ ዘጠኝ ከዘጠኝ መቶ። ተቃቀፍን፤ እጇ ዘንድሮ ዞሮኝ ተገናኘ።

ማደንዘዣው ሳይወስደኝ ያልኩት ጸሎት አጭር ነው፤ «ልጄን ሳልታረቃት አትውሰደኝ» አልኩት። ስነቃ እትዬ መርፌ አልጋዬ ሥር ተቀምጠው የሸሚዝ ቁልፍ እየተከሉ ነበር። ሾርባ መጣልኝ። ጨው የሚባል አልነካውም። ላማርር አፌን ስከፍት እትዬ መርፌ ቢያዩኝ፣ «ደግ ነው፣ ጥሩ ሾርባ ነው» አልኩ። ይኸውልሽ፣ ይህን ያህል ተለውጫለሁ።

አሁን ወደ እራት ልሄድ ነው። ያንቺን ሳህን፣ ጠርዟ ላይ ሰማያዊ መስመር ያላትን፣ አጥቤ መደርደሪያው ላይ ደፍቻታለሁ። የምቀዳው ለአንድ ሰው ነው። መሃል ላይ ማንኪያዬን ሳስቀምጥ ስምሽን እጠራለሁ፤ ከዚያ የቀረችኝን እጨርሳለሁ ወይም እተዋለሁ። መቼ ትመጫለሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ። ብቻ የመጣሽ ቀን ሳህንሽን አወርዳታለሁ፤ ያንቺንም ድርሻ አልበላብሽም።

እኔን ያህል ሴት የተሸከመ ጌታ አንቺንም ይሸከምልኝ፤ አንቺማ ለሱ ቀላል ነሽ።

እናትሽ፣
ከሁለት ጆንያ ሩዝ በታች