አባባ ያልገቡበት በር

ለውድ እህቴ ለነጂባ ጋኒም፤

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? አማቻችን ሙቅቢልስ እንዴት ነው፣ ከባሕር ተመልሶ ይሆን? ልጆቹስ? ያ የካርዲፍ ብርድ አሁንም ደረትሽን ይዞሻል ወይስ ለቀቀሽ? እኛ ለጤናችን አልሐምዱሊላህ። ናፍቆትሽ ግን እንዳለ ነው። እማማ «ጻፍላት እንጂ፣ ምነው እጅህ ታሰረ?» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ሰንብታ ዛሬ ተቀመጥኩ።

ይህን ስታነቢ ሙቅቢል አጠገብሽ ቢኖር ደስ ይለኛል። ከሌለ እስኪመጣ አጥፈሽ አስቀምጪው። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ አባባ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ከዒድ በኋላ፣ በአልጋቸው ላይ፣ እማማ እጃቸውን እንደያዘች። አላህ ይርሐማቸው። አልቅሺና ሲወጣልሽ ተመለሺ፤ ቀሪውን አንቺ ልታነቢው ይገባል።

ትልቁ ሆቴል ተዘግቷል። አያታችን ድንጋዩን በጀርባቸው ያመላለሱበት፣ መርከቦቹ ከሰል እስኪጭኑ መንገደኞቹ ሲጠጡና ሲጨፍሩ የሚያመሹበት፣ እኛ ከኋላ ጓሮ ሆነን ሙዚቃውን የምንሰማበት ያ ሆቴል። የስዊዝ ቦይ በጦርነቱ ከተዘጋ ወዲህ ወደባችን ባዶውን ቀረ። እንግሊዞቹም ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። የሐር ሻጮቹ ሱቅ ሁሉ ተቆልፏል። አባባ ግን ያንን ነጭ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ በየቀኑ በሩ ላይ ይቆሙ ነበር። ለማን እንደሚከፍቱ አላህ ይወቅ።

አገሩ የእኛ ከሆነ ጀምሮ በፊት ለፊቱ በር ያልገባ የሰፈራችን የታዋሂ ሰው የለም። ዓሣ አጥማጁ ገባ፣ ተማሪው ገባ። ሌላው ቢቀር የሰፈሩ ፍየሎች ደረጃውን ወጥተው መጋረጃ ያኝኩ ነበር። አባባ ፍየሎቹን ያባርሩና እሳቸው ውስጥ ጉዳይ ሲኖራቸው ሕንፃውን ዞረው እንደ ድሮው በወጥ ቤቱ በር ይገባሉ። ጎረምሶቹ አላስቀመጧቸውም። «አባ ጋኒም፣ እንግሊዝ ሄዷል እኮ! ወሬው አልደረሰዎትም?» ይሏቸዋል። «ደርሶኛል፤ አንተ ይልቅ እግርህን ጥረግ፣ ምንጣፉን አፈር አታልብሰው» ይላሉ። እኔ በልቤ አፍርባቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ጎንበስ ብለው ከፍተው አሁን ቀና ማለት አቃታቸው አልኩ።

በመጨረሻው ቀን ሥራ አስኪያጁ ሩስቶም፣ ያ ደጉ ሕንዳዊ፣ ቁልፉን ይዞ ቆሞ «ጋኒም፣ ዛሬ እንኳ በዚህ ግባና አብረን እንውጣ፤ ከዚያ እቆልፈዋለሁ» አላቸው። ለማኝ ነው የመሰለው። አባባ በሩን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና «ይቆየኝ» አሉ። ሩስቶም ቆለፈ። በጣም ተናድጄ ስለነበር ቤት እስክንደርስ ቀድሜያቸው ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። መተኛት አበዙ፣ ምግብ አልወርድላቸው አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ነጂባ የዒድ ቀሚሷን ልታሳየኝ ሮጣ የመጣች ጊዜ ትዝ ይልሃል? አንተ ትንሽ ነበርክ። እንግዶቹ እያዩ በጥፊ መታኋት። ‹ይሄ ያንቺ በር አይደለም› ብዬ በክንዷ ጎትቼ አስወጣኋት። ታዲያ እኔ በየትኛው እግሬ ልግባበት? አንድ ቀን ትመጣና እጄን ይዛ ታስገባኛለች ብዬ ነበር የምጠብቀው።»

ነጂባ፣ እኔም አንቺም ሌላ ነገር ነው ያሰብነው፤ እኔ ማጎንበስ የለመደባቸው፣ አንቺ ደግሞ ካንቺ በሩን ያስበለጡ መስሎን ነበር። ወደ ካርዲፍ የተሳፈርሽ ዕለት ከሆቴሉ ፊት ለፊት ካለው ወደብ ጀልባው ውስጥ ስትገቢ ዞር ብለሽ አላየሻቸውም። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው መርከቡ እስኪጠፋ አዩሽ። «ደህና ሁኚ ልላት ፈልጌ፣ በሩን ትቼ መሄድ ፈራሁ» አሉኝ። ሲናገሩ አለቀሱ። አባባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

ቀብሩ ላይ ያሾፉባቸው የነበሩት ጎረምሶች ሁሉ ጀናዛውን ለመሸከም ተሻሙ። ሶላት ከመሰገዱ በፊት ኢማሙ እንደ ወጉ «በዚህ ሰው ላይ ሐቅ ያለው ይናገር፤ ካልሆነም አፉ ይበል፣ ይቅር ይበለው» ሲሉ መስጊዱ በአንድ ድምፅ «አፉ ብለናል!» አለ። እኔ የራሴን አልኩ። ያንቺንም ልጨምር አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልወጣልኝም። ሐቁ ያንቺ ነው፤ ባልተላክሁበት ምን ብዬ ልስጠው?

ስለዚህ እለምንሻለሁ እህቴ። አልችልም ካልሽም ጻፊልኝ፤ አልቀየምሽም። አፉ ብያለሁ ካልሽ ግን ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት መቃብራቸው ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ጆሯቸው ደክሞ ነበር።

ሙቅቢልን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ዘይድን ሳሚልኝ። ሐያትን አያቷ በስሟ ዱዓ ያደርጉላት እንደነበር ንገሪያት። እማማ ጉንጭሽን ትስማለች፤ «እኔ አፉ ብዬዋለሁ፤ የሷን ግን እሷ ታውቃለች በላት» ብላኛለች።

ናፋቂ ወንድምሽ
ሙርሺድ ጋኒም
ታዋሂ፣ ኤደን
መጋቢት 1969 እ.ኤ.አ.